ክትባት በ100 ቀን ይደርሳል ይባላል፤ ለማን?

ነገሩ_ምንድነው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «የ100 ቀን ተልዕኮ» ስለሚባለው ነገር ሳነብ ከረምኩና እስቲ እዚህ ላምጣው ብዬ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው፣ አትጨቃጨቁኝ።) ሐሳቡ ቀላል ነው። አዲስ ወረርሽኝ የሚያስነሳ ቫይረስ ከታወቀ በኋላ በ100 ቀን ውስጥ ለሰው መሰጠት የሚችል ክትባት ይኑር ነው የሚለው። የቡድን 7 አገሮች በ2021 ተቀብለውታል። ዋናው ገፊ ግን ሴፒ ነው። በ2017 ዳቮስ ላይ ይፋ የሆነው፣ ዋና ቢሮው ኦስሎ ያለው፣ ከመንግሥታትና ከበጎ አድራጊዎች ገንዘብ እየሰበሰበ የወረርሽኝ ክትባት ምርምርን የሚደግፈው ጥምረት ማለት ነው።

ለኮቪድ 326 ቀን ነው የወሰደው። የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል ጃንዋሪ 11፣ 2020 ይፋ ሆነ፤ ብሪታንያ የፋይዘርና ባዮንቴክን ክትባት ዲሴምበር 2 ላይ ፈቀደች። ከዚያ በፊት የፍጥነት ምሳሌ ተደርጎ የሚጠራው የጆሮ ደግፍ ክትባት ነበር፣ እሱም በ1960ዎቹ ወደ አራት ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሞደርና ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተሞከረው ማርች 16፣ 2020 ነው። ቅደም ተከተሉ ከወጣ ገና ሁለት ወር ከምናምን! ላቦራቶሪው የራሱን ሥራ ቶሎ ጨርሷል። የቀረው ጊዜ የት ገባ? በኔ እምነት ብዙው ቀን የሚያልቀው ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊት ማለቅ በሚችል ወረቀት፣ ድርድርና ክፍያ ላይ ነው። እናንተስ?

ላብ_ኮት፦
ጥሩ ርዕስ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ላስተካክል።

አንደኛ፣ ያ ሁለት ወር ሁለት ወር አይደለም። ከኋላው የብዙ ዓመት ሥራ አለ። ካሪኮና ዋይስማን የሚባሉት ተመራማሪዎች ኤምአርኤንኤውን (ሴሎቻችን ምን ፕሮቲን እንዲሠሩ የሚነግረውን መልእክት፣ የሞደርናና የፋይዘር ክትባቶች የተሠሩበትን) ሰውነት እንዳይቆጣበት የሚያደርገውን ዘዴ ያሳተሙት በ2005 ነው፣ ኖቤል ያገኙበት ደግሞ በ2023። የኮሮና ቫይረስን እሾህ ፕሮቲን (ክትባቱ የሚያነጣጥርበትን የላይኛውን ክፍል) ቅርጹን እንዳይቀይር አጥብቆ የመያዝ ዘዴም ኮቪድ ሲመጣ የተፈጠረ አይደለም፣ በ2012 ከተከሰተው መርስ (ሌላ የኮሮና ቫይረስ በሽታ) በኋላ በተሠራ ምርምር የተገኘ ነው። ኦክስፎርዶችም ቢሆኑ ለመርስ በጀመሩት ላይ ነው የቀጠሉት። እና ኮቪድ የመጣው ቀድሞ ከተጠና የቫይረስ ቤተሰብ ነበር። ነገ ማንም ዞር ብሎ ካላየው ቤተሰብ ቢመጣ 326 ቀን ራሱ የሚናፍቀን ቁጥር ይሆናል። ኤችአይቪን ተመልከቱ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ክትባት የለውም።

ሁለተኛ፣ ትልቁ ሙከራ ላይ የሄደውን ጊዜ «ወረቀት» ብሎ ማለፍ አይቻልም። የፋይዘር ሙከራ ወደ 44 ሺህ ሰው ነው ያሳተፈው። ውጤት የሚገኘው ደግሞ ከተሳታፊዎቹ መካከል በቂ ሰው በራሱ ጊዜ ሲታመምና የትኛው ወገን ላይ እንደበዛ ሲቆጠር ነው። ያንን ማስቸኮል አትችልም።

ድሮም_አውቃለሁ፦
100 ቀን ለሀብታሙ፣ 1000 ቀን ለደሃው። ጨርሻለሁ።

ነገሩ_ምንድነው፦
ላብ ኮት፣ የመጀመሪያውን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ለኔ ሐሳብ ይሠራል። ሴፒዎች የሚሉትም እሱን ነው። ሰውን የሚያጠቁት ቫይረሶች ወደ 25 በሚጠጉ ቤተሰቦች ይመደባሉ። ከየቤተሰቡ አንድ ተወካይ ላይ ክትባት ቀድመህ ሠርተህ ሰው ላይ እስከመሞከር ካደረስከው፣ የዚያ ቤተሰብ አዲስ አባል ሲመጣ ከዜሮ አትነሳም። ይሄ ሥራ ግን ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ነው የሚሠራው፣ በዚያ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጥ የለም። ሌላው የኮሮና ቫይረስ በሽታ ሳርስ በ2003 መጣ፣ ሄደ። የክትባቱ ሥራም ከቫይረሱ ጋር አብሮ ቀዘቀዘ።

ሁለተኛው ላይ ግን አልተስማማንም። ሙከራው ራሱ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሺ። ሙከራውን ለመጀመር የሚባክነውስ?

የሙከራ_ሰው፦
እዚህ ላይ ልግባ፣ ክሊኒካል ሙከራ የማስተባበር ሥራ ላይ ነኝና። ለዚህ ጥያቄ ከኡጋንዳ የተሻለ መልስ የለም። አንድ አገር፣ አንድ ቫይረስ፣ ሁለት ጊዜ።

ሴፕቴምበር 2022 ላይ ኡጋንዳ የሱዳን ዓይነት ኢቦላ መግባቱን አወጀች። ለዚህ ዓይነት የተፈቀደ ክትባት የለም። በምዕራብ አፍሪካው ወረርሽኝ ጊዜ ጊኒ ላይ ተሞክሮ በ2019 የጸደቀው ኤርቬቦ የተባለው የኢቦላ ክትባት የሚሠራው ለዛየር ዓይነት ብቻ ነው። ለሱዳኑ በሙከራ ደረጃ ያሉ ነበሩ፣ ግን ወደ ብልቃጥ ያልገባ፣ ፕሮቶኮሉ (የሙከራው ዝርዝር ዕቅድ) ያልተጻፈ፣ ስምምነቱ ያልተፈረመ። የመጀመሪያዎቹ ዶዞች ኡጋንዳ የደረሱት ከታወጀ ከ79 ቀን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ወረርሽኙ አልቋል ማለት ይቻላል። ክትባት አለ፣ የሚሞከርበት ወረርሽኝ የለም። (በነገራችን ላይ ወረርሽኙ በመጥፋቱ የሚያዝን ሰው የለም፤ ሙከራው ግን አመለጠ።)

በዚህ አላቆሙም። ፕሮቶኮሉን ጨረሱት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውና ተቆጣጣሪው ቀድመው አዩት፣ ዶዞቹ እዚያው አገር ውስጥ ፍሪዘር ውስጥ ተቀመጡ፣ ቡድኑ ሠለጠነ። ጃንዋሪ 30፣ 2025 ላይ ያው ቫይረስ ተመልሶ መጣ። ፌብሩዋሪ 3 ክትባቱ ተጀመረ። አራት ቀን!

በሁለቱ መካከል ሳይንሱ ያን ያህል አልተቀየረም። የተቀየረው ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ መታወቁ ነው።

አሠራሩን ለማታውቁ በአጭሩ። ቀለበት ክትባት ይባላል። አንድ ሰው መታመሙ በምርመራ ሲረጋገጥ ቡድኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ ማን ነካው፣ ማን አስታመመው፣ ማን አብሮት በላ እያለ ስም ይመዘግባል። ከዚያ የነዚያን ሰዎች ንክኪዎች ይጨምራል። ይሄ ሁሉ አንድ ቀለበት ነው። ፈቃደኞቹ ይከተባሉ፣ ክትትል ይደረግባቸዋል። ፈቃድ መጠየቁ ብቻውን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሰውየው ፊት ቁጭ ብለህ፣ በሚገባው ቋንቋ አስረድተህ፣ እናቱን ትናንት የቀበረ ሰው «እንቢ» የማለት መብት እንዳለው ነግረህ ነው የምታስፈርመው። ያንን ቅጽ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ መጻፍ ከጀመርክ አለቀልህ።

ማሂ_ጠያቂ፦
ይቅርታ፣ የሞኝ ጥያቄ ከሆነ እለፉኝ። ሰው እየሞተ ለምን ሙከራ ይባላል? ዝም ብሎ አይሰጥም?

የሙከራ_ሰው፦
የሞኝ ጥያቄ አይደለም ማሂ፣ ሚኒስትሮችም የሚጠይቁት ነው። ሩዋንዳን እንይ። ሴፕቴምበር 27፣ 2024 የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ መግባቱን አወጀች። ሳቢን ከሚባለው ተቋም ወደ 700 የሚጠጉ የሙከራ ዶዞች ኦክቶበር 5 ደረሱ፣ በማግስቱ ክትባት ተጀመረ። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያዎች ነው፣ ምክንያቱም ከታመሙት አብዛኞቹ እነሱ ነበሩ። በመጨረሻ 66 ሰው ታሞ 15 ሞተ። ለማርበርግ ይሄ በጣም ዝቅተኛ ነው።

ታዲያ ክትባቱ ነው ያዳናቸው? ማንም አፉን ሞልቶ ሊነግርሽ አይችልም። ቶሎ የመለየት ሥራው ጠንካራ ነበር፣ ሕክምናው ጥሩ ነበር፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ዝም ብለሽ ስትሰጪ ሰው ትረጃለሽ ብለሽ ነው፣ ግን ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የምትተዪው ማስረጃ የለም። የማይሠራ ወይም የሚጎዳ ነገር እየሰጠሽ ከሆነም አታውቂውም። ሩዋንዳዎች ያደረጉት ልክ አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ በነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያው ነው የማደርገው።

ማሂ_ጠያቂ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ።

ሲስተር_ነኝ፦
እናንተ ስለ ላቦራቶሪና ስለ ሙከራ አወራችሁ፣ እኔ ደግሞ ስለ ብልቃጧ ላውራ። የክትባት ነርስ ነኝ።

የአስትራዜኔካዋ ብልቃጥ 10 ዶዝ ትይዛለች። አንዴ ክዳኗን በመርፌ ከወጋሽ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለባት፣ የተረፈው ይደፋል። አሁን አስቡት፣ ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሦስት ሰው በር ላይ ቆሟል። ብልቃጧን ከፍቼ ሰባት ዶዝ ልድፋ ወይስ ሦስቱን ነገ ኑ ልበል? ነገ ይመለሳሉ ብሎ የሚያስብ ካለ ክትባት ክፍል ገብቶ አያውቅም። እኛ እንከፍትና በስልክ ሰው እንፈልግ ነበር። ከላይ ግን «ለምን ባከነ» የሚል ወቀሳ ይመጣል። ወቃሹ አንድም ቀን ብልቃጥ አልከፈተም።

ሌላው ልገሳው ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልቅ ሳምንታት የቀሩትን ክትባት ልከው «ሰጠናችሁ» ይላሉ። ናይጄሪያ በዲሴምበር 2021 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶዝ ጊዜው አልፎበት በአደባባይ አስወግዳለች። ብዙ ሰው ያንን ዜና «ክትባት ሰጥተዋቸው አቃጠሉት» ብሎ ነው ያነበበው። መቼ እንደደረሳቸው የጠየቀ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በ100 ቀን ክትባት ሲባል እኔ የምጠይቀው መርፌውን፣ የበረዶ ሳጥኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የመዝገቡን ነገር ነው። የፋይዘሩ መጀመሪያ ሲመጣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይፈልግ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፍሪዘር ያለው ጤና ጣቢያ ስንት ነው?

ድሮም_አውቃለሁ፦
ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ። ከዚህ ክር ውስጥ እውነት የተናገርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ሂሳብ_ይወራረድ፦
ድሮም አውቃለሁ፣ አንተ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፍ እንጂ ወንድሜ 😄

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኮቫክስ ለምን ዘገየ? በአፕሪል 2020 ሲታሰብ ዓላማው ጥሩ ነበር፤ አገሮች በአንድ ላይ ይግዙ፣ ሁሉም ይድረሰው። ችግሩ ሀብታሞቹ ለየብቻቸው ከአምራቾች ጋር ቀድመው ፈረሙ። ኮቫክስ ገንዘቡን እስኪሰበስብ ድረስ ሰልፉ ተይዟል። ከዚያ አብዛኛውን ተስፋውን በአንድ አምራች ላይ ጣለ፣ በሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት። የመጀመሪያው ጭነት ጋና የደረሰው ፌብሩዋሪ 24፣ 2021 ነው፣ 600 ሺህ ዶዝ። ብዙም ሳይቆይ ሕንድ ራሷ በሁለተኛው ማዕበል ተመታችና ወደ ውጭ መላክ አቆመች። በኮቫክስ በኩል እንደገና መላክ የጀመረችው በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ሕንድን አልወቅስም፣ የራሱ ሰው በኦክስጅን እጥረት እየሞተበት ክትባት የሚልክ መንግሥት አሳዩኝ። የሚወቀሰው ሁሉን እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ የከተተው ዕቅድ ነው።

ኮቫክስ እስከሚዘጋበት እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ለ146 አገሮችና ግዛቶች ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጋ ዶዝ አድርሷል። ትንሽ አይደለም። ግን ብዙው የደረሰው ሰው «አሁን ምን ያደርግልኛል» ማለት ከጀመረ በኋላ ነው።

የፋብሪካ_ልጅ፦
መፍትሔው ግልጽ አይደለም እንዴ? እያንዳንዱ አህጉር ራሱ ያምርት! አፍሪካ ከምትጠቀመው ክትባት 99 በመቶውን ከውጭ ታስገባለች። የአፍሪካ ኅብረት በ2040 60 በመቶውን እዚሁ እናምርት ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅትም ኬፕታውን ላይ አፍሪጄን በሚባል ኩባንያ በኩል የኤምአርኤንኤ ማዕከል አቋቁሟል። ዳካር ላይ ፓስተር ኢንስቲትዩት አለ። ጉዳዩ የፓተንትና የፍላጎት ነው።

ሂሳብ_ይወራረድ፦
የፋብሪካ ልጅ፣ አስፐንን አስታውስ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ትልቅ ፋብሪካ፣ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የኮቪድ ክትባት በራሱ ስም ለመሸጥ በ2022 ፈቃድ አገኘ። ምን ሆነ? አንድም ትዕዛዝ አልመጣም። ሁሉም «አፍሪካ ታምርት» ሲል ነበር፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ክትባት የሚሞላ መስመር ለሁለት ዓመት አቁመህ በሦስተኛው «ወረርሽኝ መጥቷልና ተነስ» አትለውም፣ ሠራተኛው ሄዷል፣ ፍተሻው ጊዜው አልፎበታል።

ስለዚህ ጥያቄው ፋብሪካው ወረርሽኝ በሌለባቸው ዓመታት ምን ሸጦ ይኑር የሚለው ነው። የኩፍኝ፣ የወባ፣ የኮሌራ ክትባት እያመረተ መቆየት አለበት። ጋቪ (ለደሃ አገሮች ክትባት የሚገዛው ጥምረት) በ2024 ፓሪስ ላይ ይፋ ያደረገው የ10 ዓመት መርሐ ግብር ለዚህ ነው፤ እስከ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለታል። የሚከፍለው አምራቹ የዓለም ጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ ሲያገኝና ጨረታ አሸንፎ ሲያስረክብ ነው። ሪባን ለመቁረጥ አይከፈልም።

የፋብሪካ_ልጅ፦
እሱን አልተቃወምኩም። ግን «መጀመሪያ ገበያ፣ ከዚያ ፋብሪካ» ካልክ ፋብሪካው መቼም አይተከልም። በችግር ቀን ጎረቤት በሩን እንደሚዘጋ በ2021 አይተናል። መንግሥታቱ ከጎረቤት ፋብሪካ ትንሽ በውድ ለመግዛት መስማማት አለባቸው፣ እንደ መድን ዋስትና ቆጥረውት።

ሂሳብ_ይወራረድ፦
ትንሽ በውድ ለመግዛት የሚፈርም የገንዘብ ሚኒስትር ካገኘህ አድራሻውን ላክልኝ።

የሕግ_ተማሪ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ክትባት ከመሠራቱ በፊት ቫይረሱ ራሱ መገኘት አለበት፣ እሱን የሚልከው ደግሞ ወረርሽኙ የገባበት አገር ነው። ኢንዶኔዥያ በ2007 ምን እንዳደረገች ታስታውሳላችሁ? የወፍ ጉንፋን ናሙና ትልክ ነበር። ከዚያ በናሙናዋ የውጭ ኩባንያ ክትባት እየሠራ እንደሆነ አወቀች፣ እሷ ግን ገዝታ እንኳ የማግኘት ዋስትና የላትም። ናሙና መላክ አቆመች። ዓለም ተንጫጫ፣ ግን ነጥብ ነበራት። ከዚያ ድርድር በ2011 ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ የሚሠራ ማዕቀፍ ወጣ፤ ናሙናውን የሚጠቀም ኩባንያ በወረርሽኝ ጊዜ ከምርቱ የተወሰነውን ለዓለም ጤና ድርጅት ለማቅረብ ቀድሞ ይፈርማል።

በሜይ 2025 የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት ይሄንኑ ለሌሎች ተሕዋስያን ለማስፋት ነው የሞከረው። ተሳታፊ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ እየተመረተ ካለው 20 በመቶውን ለድርጅቱ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ በነጻ። ዝርዝሩ ግን፣ ማን ምን ልኮ ምን ያገኛል የሚለው፣ ለብቻው አባሪ ተደርጎ ለቀጣይ ድርድር ተተወ። አባሪው ሳይጸድቅ ስምምነቱ ለፊርማ አይከፈትም፣ ሥራ ላይ ለመዋልም 60 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ከሦስት ዓመት ድርድር በኋላ በጣም ከባዱን ጥያቄ ወደ ጎን አድርገው ነው ያጨበጨቡት።

ነገሩ_ምንድነው፦
ይሄ ነው ያልኩት «ወረቀት»! ላብ ኮት፣ ትሰማለህ?

ላብ_ኮት፦
እሰማለሁ 😄 ግን በወረቀት ጊዜ ቆጥበህ ሰው ካላመነህስ? «በዚህ ፍጥነት እንዴት ተሠራ፣ የሆነ ነገር ዘለዋል» የሚለውን ስንቴ ሰማነው። 100 ቀን ስትለው ደግሞ ጥርጣሬው እጥፍ ይሆናል።

ፍጥነቱ የመጣው ደረጃዎቹን ጎን ለጎን በማስኬድና ውጤቱ ሳይታወቅ ማምረት በመጀመር ነው። ካልሠራ ገንዘቡ ይደፋል፣ እሱን ኪሳራ መንግሥት ወሰደው። ብዙ ደግሞ ወድቋል። መርክ ሁለቱንም ክትባቶቹን በጃንዋሪ 2021 ተዋቸው። የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የባሰ ነው። ፕሮቲኑን አጥብቆ ለመያዝ ከኤችአይቪ የተወሰደች ቁራጭ ተጠቅመው ነበር። ማንንም ኤችአይቪ አታስይዝም፣ ግን የተከተቡት ሰዎች የኤችአይቪ ምርመራ ሲያደርጉ በሐሰት «ፖዘቲቭ» ማለት ጀመረ። በዲሴምበር 2020 አቆሙት። ክትባቱ ራሱ ጥሩ ምላሽ እያሳየ ነበር! ሰው ይሄን ቢያውቅ ይመስለኛል ትንሽ ይረጋጋል። የወደቁትን ግን ማንም አይነግረውም፣ ያለፉትን ብቻ ነው የምናስተዋውቀው።

ሲስተር_ነኝ፦
ልክ ነህ። «ምን ሊያደርገኝ ይችላል» ብሎ የጠየቀኝን ሰው ክንድህን ያምሃል፣ ምናልባት ትኩሳት ይኖርሃል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከበድ ያለ ነገር አለ፣ እሱን ካየህ ቶሎ ና ስለው ይከተባል። «ምንም አያደርግህም» ስለው ነው የሚሄደው።

ማሂ_ጠያቂ፦
አሁንስ? ዝግጅቱ ከኮቪድ በኋላ ተሻለ ወይስ ባሰ?

ሂሳብ_ይወራረድ፦
ሁለቱም። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ ከዓለም ጤና ድርጅት እንደምትወጣ አሳወቀች፣ በኦገስት ደግሞ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ 22 የኤምአርኤንኤ ክትባት ሥራ ሰረዘች። ሞደርናን በሁለት ወር ሰው ላይ ያደረሰው ቴክኖሎጂ ይሄው ነው እኮ።

በሌላ በኩል ኤምፖክስን (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለውን) እይው። ክትባቱ ቀድሞ ነበር፣ በ2022 በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰጥቷል። ኮንጎ ውስጥ ግን በኦገስት 2024 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ እስኪታወጅ ድረስ ምንም አልደረሰም። የመጀመሪያው ወደ 100 ሺህ ዶዝ ኪንሻሳ የገባው ሴፕቴምበር 5 ነው፣ ሰው መከተብ የተጀመረው ኦክቶበር 5፣ ጎማ ከተማ ላይ።

ማሂ_ጠያቂ፦
ክትባቱ ቀድሞ ካለ ይሄ ሁሉ ለምን ይዘገያል?

ሂሳብ_ይወራረድ፦
ያን ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ገና ማረጋገጫ አልሰጠውም ነበር፣ የሰጠው ሴፕቴምበር 13 ነው። እንደ ጋቪና ዩኒሴፍ ያሉት ገዢዎች ደግሞ በተለመደው አሠራር ያንን ነው የሚጠብቁት። በዚህኛው ድርጅቱ ሳይጠብቁ ግዢ እንዲጀምሩ ፈቅዶላቸዋል። ጋቪ ከኮቪድ በኋላ ለአደጋ ጊዜ ያስቀመጠው እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ፈንድ ነበረው፤ ከዚያ ላይ አንስቶ 500 ሺህ ዶዝ ለመግዛት በዚያው ወር ተስማማ። በ2020 ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የለጋሾች ጉባኤ ይጠራ ነበር።

የሙከራ_ሰው፦
ማሂ፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ኤምፖክስ ኮንጎ ላይ በብዛት የያዘው ሕፃናትን ነበር፣ በእጅ ያለው ክትባት ግን ያን ጊዜ የተፈቀደው ለአዋቂ ነው። የልጆቹ መረጃ ስላልነበረ። ያንን ሙከራ ከ2022 ጀምሮ መሥራት ይቻል ነበር።

ድሮም_አውቃለሁ፦
እሺ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተብያለሁና፦ የሚቀጥለውን የልጆች ሙከራ ፕሮቶኮል አሁን እየጻፈ ያለ ሰው አለ ወይስ ቫይረሱ እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው?

የሙከራ_ሰው፦
ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች ተጽፏል። ለብዙዎቹ ግን የሚከፍል እየተጠበቀ ነው።